የወፍ ቋንቋ ከዜሮ፦ ከ«ቡዙናዛ» እስከ ሙሉ ወሬ

እንግዳ ሳሎን ተቀምጧል። ወጡ ደርሷል፣ እንጀራው ግን አልቋል። ልጁን በዓይን ብትጠቅሱት «ምን?» ብሎ ጮክ ይልባችኋል። ጓዳ ጠርታችሁ ብታንሾካሹኩ እንግዳው ይሳቀቃል። «እዝንጀዘራዛ አዛልቋዛል» ካላችሁት ግን ልጁ ብድግ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንግዳውም የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይህን የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ግድግዳው ስስ ነው፣ ኮሪደሩ የጋራ ነው፣ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድም ረጅም ነው። ለወፍ ቋንቋ፣ ማለትም በየድምፁ ኋላ አንድ ፊደል እየጨመሩ ለሚነገረው የምስጢር አነጋገር፣ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። ሕጉ ከሰፈር ሰፈር፣ አንዳንዴም ከብሎክ ብሎክ ይለያያል። እኔ የማሳያችሁ በዘ የሚነገረውን ነው። አንዴ ከገባችሁ ፊደሉን መቀየር የእናንተ ፈንታ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ጨዋታ የጆሮ እንጂ የጽሑፍ አይደለም። ፊደል መንገድ ያሳያችኋል፤ ሲያጣላችሁ ግን ሁልጊዜ ጆሯችሁን እመኑ። ጀማሪ የሚንተባተበው አፉን ትቶ በጭንቅላቱ የተጻፈውን ሲያነብ ነው።

1. ሰዎቹን ለዩ

ሦስት አራት ሰው ለመነሻ ይበቃል። ከመካከላችሁ ፊደል የቆጠረ ልጅ ቢኖር ጥሩ ነው። የሀ ሁ ሂ ሃ ዜማ ገና ከጆሮው ስላልወጣ ሁላችሁንም ይቀድማችኋል። በጣም ትንሹን ልጅ ግን ለጊዜው ተዉት። ቋንቋው አያቅተውም፤ ምስጢር ነው የማይቋጥረው። የምትሉትን በሙሉ ለእንግዳው ይተረጉምላችኋል።

2. ፊደል ምረጡ

ማንኛውም ፊደል ያስኬዳል ቢባልም ሁሉም እኩል አይደሉም። ለ፣ በ፣ የ፣ ከ እና ተን አትንኳቸው። አማርኛ እነዚህን በየቃሉ ፊት እየለጠፈ ነው የሚናገረው፦ ለቤት፣ በቤት፣ የቤት፣ ከቤት። የተጨመረው የቱ፣ የነበረው የቱ እንደሆነ ይምታታባችኋል። ጠ፣ ጨ እና ቀ ደግሞ በፍጥነት ሲደጋገሙ ምላስ ያደክማሉ።

ፐ ለመማሪያ መጥፎ አይደለም። «ፖሊስ» እና «ፓስታ» በመሳሰሉ የውጭ ቃላት ካልሆነ እምብዛም ስለማናገኘው፣ ሰሚው የተጨመረውን ወዲያው ይለያል። ችግሩ ጠላትም ወዲያው ይለየዋል። «ቦሊስ» እያሉ ያደጉ አያት ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ አታስቸግሯቸው።

እኔ ዘን የምወደው ስለማይጎረብጥ ነው። በፍጥነት ሲነገር ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ ይመስላል፤ ቃሉ ይሸሸግበታል። ጣጣው ራሱ ዘ ያለበት ቃል ላይ ነው። «ዘይት» ዘዘይት፣ «ገንዘብ» ገዘንዘዘብ ይሆናል። ቤታችሁ ውስጥ ዘነበ የሚባል ሰው ካለ «ዘዘነዘበዘ» ብላችሁ ስትጠሩት መጀመሪያ የሚስቀው እሱ ነው። ዘነበም ዘውዴም ዘርፌም ባንድ ቤት ከተሰበሰቡ ወደ ፈ ሂዱ።

3. የዘን ቤት በዜማ ውረዱ

ዘ፣ ዙ፣ ዚ፣ ዛ፣ ዜ፣ ዝ፣ ዞ። ሕጉ ይህ ብቻ ነው፦ አንድ ድምፅ ጠርታችሁ ስታበቁ፣ በዚያው አናባቢ ዘን ታስከትላላችሁ። በ ካላችሁ በዘ፤ ከዚያ ቡዙ፣ ቢዚ፣ ባዛ፣ ቤዜ፣ ብዝ፣ ቦዞ።

ይህን ጮክ ብላችሁ፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በዜማ ውረዱት። የፊደል ገበታው 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ሁሉን መውረድ አያስፈልግም። የበን፣ የመን፣ የሰን፣ የነን እና የደን ቤት ብትጨርሱ ሌላው ራሱ ይመጣል። እዚህ ላይ ፊደላችን ግማሹን ሥራ ጨርሶልናል። ተነባቢና አናባቢው ተጣብቀው ስለሚጻፉ ቃሉን የት ልቁረጠው ብሎ መጨነቅ የለም።

ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። ሀ እና አ ገበታው ላይ ግዕዝ ናቸው፤ በአፍ ግን እንደ ራብዕ ነው የምንጠራቸው። ስለዚህ «አበባ» አዛበዘባዛ ነው እንጂ አዘበዘባዛ አይደለም። «ሀገር»ም ሀዛገዘር ነው። ሁለተኛው ኳ፣ ቋ፣ ጓ የመሳሰሉት ናቸው። የሚያስከትሉት ዛን ነው፤ ዟ አትበሉ፣ አፍ ያጣምማል። «ቋንቋ» ቋዛንቋዛ፤ አለቀ።

4. ከጓዳ ጀምሩ

በመጀመሪያ የምትለማመዱት በቀን ብዙ ጊዜ የምትጠሯቸውን ቃላት ቢሆን ይሻላል።

ቡና፦ ቡዙናዛ
ዳቦ፦ ዳዛቦዞ
ሻይ፦ ሻዛይ
ሽሮ፦ ሽዝሮዞ
ውሃ፦ ውዝሃዛ
ስኳር፦ ስዝኳዛር
ቅቤ፦ ቅዝቤዜ
ድስት፦ ድዝስት

እነዚህን አንድ በአንድ አትሸምድዱ። አንዱ በደረቅ አማርኛ ይጥራ፣ ሌላው በወፍ ይመልስ፤ ከዚያ ተለዋወጡ። መልሶ መፍታቱ ከመናገሩ ይከብዳል። ብዙ ሰው በአንድ ምሽት መናገር ይለምድና የሌላውን ለመስማት ሲደርስ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ግማሹን ጊዜ ለመስማት ስጡ።

5. ሳድስ፦ ሁሉም የሚሰናከልበት

ከላይ «ሻይ» ላይ ይ ብቻውን እንደቀረ፣ «ድስት» ላይም ስ እና ት ዝ እንዳላስከተሉ አይታችኋል። ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው። አንዳንዴ የራሱ ድምፅ አለው፤ አንዳንዴ ከፊቱ ያለውን ድምፅ ተደግፎ ይቆማል። ድምፅ ሲኖረው ዝን ታስከትላላችሁ፤ ሲደገፍ ዝም ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

«ልጅ» በሉ፣ ቀስ ብላችሁ። ል ላይ አፋችሁ ትንሽ ከፈት ይላል፤ ጅ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ልዝጅ። ጀማሪ «ልዝጅዝ» ይላል። ይህን ያለ ሰው ዓረፍተ ነገር መካከል መድረሱ ያጠራጥራል፤ ሁሉም ቃል እጥፍ ይረዝምበታልና።

የሚያዋጣው ማጨብጨብ ነው። ቃሉን ስትጠሩ አፋችሁ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ባጨበጨባችሁበት ሁሉ አንድ የዘ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ውጪ የለም። «መስኮት» ሁለት ጭብጨባ ነው፦ መስ፣ ኮት። መዘስኮዞት ይሆናል። «እንግዳ» ሦስት ነው፦ እን፣ ግ፣ ዳ። እዝንግዝዳዛ። «ብርጭቆ»ም ሦስት ነው፦ ብር፣ ጭ፣ ቆ። ብዝርጭዝቆዞ። ዘ የሚገባው ከአናባቢው ቀጥሎ መሆኑን ልብ በሉ፤ ን እና ር ከዘ በኋላ ነው የሚመጡት። «እንዝ» ሳይሆን «እዝን»፣ «ብርዝ» ሳይሆን «ብዝር»። ይህችን ያጣራ ሰው ቋንቋውን ይዟል ማለት ነው።

አሁን «ትምህርት»ን ሞክሩ። እንደተጻፈው ካነበባችሁት ትዝምህዝርት ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ህን የምናሰማው? አብዛኞቻችን «ትምርት» ነው የምንለው፤ እንደዚያ ከሆነ ትዝምዝርት በሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ያው እንዳልኳችሁ ጆሮ ይግዛችሁ።

6. ላላና ጠበቅ

ይህን ቶሎ እንለፈው። አማርኛ ሲጻፍ የማይለየውን ጥብቀት አፍ ይለየዋል። «ገና» ብሎ በዓሉን እና «ገና» ብሎ «እስካሁን»ን፤ «ዋና» ብሎ መዋኘትን እና «ዋና» ብሎ አውራውን። በወፍ ቋንቋም የሚጠብቀው የቃሉ ፊደል ነው፤ ዘ ሁልጊዜ ይላላል። «ገዘናዛ» ስትሉ ናን ካጠበቃችሁ ዶሮ ወጥ አለ ማለት ነው፤ ካላላችሁ ጠብቁ ማለት ነው።

7. ወሬ ጀምሩ

ቃል በቃል የሚናገር ሰው ይነቃበታል። ምስጢሩን የሚጠብቀው ፍጥነትና ዜማ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በተለመደው የድምፅ ዜማችሁ ተናገሩት፤ ጥያቄው እንደ ጥያቄ ከፍ ይበል፣ ትእዛዙ እንደ ትእዛዝ ይውረድ።

«ቡና አለ ወይ?» ቡዙናዛ አዛለዘ ወዘይ?
«ስኳር የለም።» ስዝኳዛር የዘለዘም።
«እንግዳ መጣ።» እዝንግዝዳዛ መዘጣዛ።
«ተነሱ!» ተዘነዘሱዙ!

የመጨረሻዋ ወርቅ ናት። ሰው ቤት ሄዳችሁ ጨዋታው ሲረዝምና ታክሲው እንዳያመልጣችሁ ስትፈሩ፣ ማንንም ሳታስቀይሙ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይነሳል።

ለፍጥነት ልምምድ መንገድን የሚያህል የለም። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተሳፍሮ ከተማ የሚውል ሰው ጊዜ አለው። መስኮት ጋ ተቀመጡና የምታልፉትን የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ በልባችሁ በወፍ አንብቡ። ሥጋ ቤት፦ ሥዝጋዛ ቤዜት። ዳቦ ቤት፦ ዳዛቦዞ ቤዜት። መድኃኒት ቤት፦ መዘድኃዛኒዚት ቤዜት። ከዚያ የቦታ ስም ጨምሩ። ኮዞዬዜ ፈዘጬዜ፣ ቱዙሉዙ ዲዚምቱዙ፣ ቃዛሊዚቲዚ፣ መዘገዘናዛኛዛ። ጀሞ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጀዘሞዞ ብሎ ይገላገላል። «ወራጅ አለ» የሚለውን ግን በአማርኛ ብቻ በሉት። «ወዘራዛጅ አዛለዘ» ላለ ሰው የሚቆም ረዳት የለም።

8. ዋጋ ላይ ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው ቋንቋውን የሚማረው ለገበያ ነው። እሁድ ገበያ ላይ ሻጩ ፊት «መዘቶዞ ብዝር» ተባብሎ ለመስማማት። እዚህ ጋ ነው የወፍ ቋንቋ የሚከዳው። ሻጩ የሚጠብቀው ቁጥር ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ደግሞ ቢሸፋፈንም ይሰማል። «ሃዛምሳዛ» ሲባል «ሃምሳ»ን የማይሰማ ነጋዴ ገበያ አይወጣም።

ስለዚህ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ሸፍኑት። ለእያንዳንዱ ዋጋ ከቤት ሳትወጡ ስም ስጡት፤ ለምሳሌ ሃምሳን «ድስት»፣ መቶን «መስኮት» በሉት። ከዚያ ስሙን በወፍ ተናገሩ። «መዘስኮዞት» የሚል ሰው መስኮት ያወራ እንጂ መቶ ብር ያወራ አይመስልም። የዕቃው ስምም ቢሸሸግ ጥሩ ነው፣ ግን አታብዙት። ሽንኩርት ሊገዛ የወጣ ሰው የሚስጥር መዝገብ ይዞ መዞር የለበትም።

9. ሲነቃባችሁ

ይነቃባችኋል። የፎቁ ልጆች ኮሪደር ላይ ሰምተዋችሁ በሳምንቱ በራችሁ ላይ «ቡዙናዛ!» እያሉ ይሮጣሉ። ቀላሉ ነገር ፊደሉን መቀየር ነው፤ ቡዙናዛ ቡፉናፋ ይሆናል። ይህ ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ አያዛልቅም። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው መገልበጥ ነው። ቡና ናቡ፣ ዳቦ ቦዳ። ለሁለት ፊደል ቃላት ይሠራል። ፈረንሳዮች ቨርላን የሚሉት የወጣቶች አነጋገር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ራሱ «ግልብጥ» የሚለው ቃላቸው ተገልብጦ የወጣ ነው። በእኛ ግን መገልበጥ አደጋ አለው። «ልብ»ን ገልብጡት፣ «ብል» ይወጣል። «ልጅ»ን ገልብጡትና እናቱ ፊት ጥሩት እስኪ። «ጅል» ብላችሁ ሰደባችሁት ማለት ነው። ሦስት ፊደል ላይ ደግሞ ሳድስ መጀመሪያ ላይ ይመጣና ቃሉ አይነሣም፤ «ሰላም» ምላሰ ሲሆን ምላስ ያስታውሳል እንጂ ሰላም አይመስልም።

ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ግን የአዲስ አበባ የራሷ ነው። ተሾመ ደምሴ እና ላዮኔል ቤንደር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪ ሴቶች ይነጋገሩበት የነበረውን የምስጢር ቋንቋ መርምረዋል። ሕጉ አናባቢዎቹን ይጥልና ተነባቢዎቹን ብቻ ይዞ ወደ አንድ ቅርጽ ይከታቸዋል፦ ከመጀመሪያው ተነባቢ ቀጥሎ «አይ» ይገባል፣ የመጨረሻው «ኧ»ን መካከል አድርጎ ይደገማል። «ቤት» ባይተት፣ «ግን» ጋይነን፣ «ሄደ» ሃይደድ ይሆናል። ከወፍ ቋንቋ ጋር ስታወዳድሩት ብልሃቱ ይታያችኋል። ወፍ ቃሉን ያረዝመዋል እንጂ ምንም አያጠፋም፤ ዘን ለቅሞ የሚያወጣ ጆሮ ሁሉን ያገኛል። ይህኛው ግን ያጠፋል። ሕጉን በቁሙ ከተከተልነው «ቦታ»ም ባይተት ነው። የቱ እንደሆነ የሚለየው የወሬውን መነሻ የያዘ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለቤተሰብ ዕለታዊ ወሬ የማልመክረው፤ «ቤት ነኝ» እና «ቦታው ላይ ነኝ» የተምታታባቸው ባልና ሚስት አደባባይ ላይ ሲፈላለጉ ይመሻል። ሁለት ሦስት ቃል ወፉ ውስጥ ጣል ለማድረግ ግን ግሩም ነው።

እግረ መንገዴን ልበል፣ በምስጢር መነጋገር እዚህ አገር የልጅ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ነጋዴዎች የራሳቸው ነበራቸው፣ አዝማሪዎች የራሳቸው፣ ዛር ያለባቸው ሰዎችም የራሳቸው። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪ ሦስቱንም በየተራ አጥንቷቸዋል። እንጀራ አልቋል ለማለት የምንጠቀምበት ነገር የቅርብ ዘመድ ብዙ አለው።

በኦሮምኛም ይሄዳል

ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር የሚያድግ ልጅ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ መጨረሱ የተለመደ ነው። የዘ ሕግ በኦሮምኛም ይሠራል። «ቢሻን» (ውሃ) ቢዚሻዛን፣ «ኮቱ» (ና) ኮዞቱዙ። ልዩነቱ ኦሮምኛ አናባቢን ማርዘምና ማሳጠር መለየቱ ነው። «ላፋ» አጥሮ ሲነገር መሬት ነው፤ ረዝሞ ሲነገር ለስላሳ ነው። ስለዚህ የረዘመውን አናባቢ በተጨመረው ዘ ላይም አርዝሙት፣ አለዚያ መሬቱና ለስላሳው ይቀላቀላሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ የጎረቤት ልጆች ያስተምሯችኋል። ሁለቱን ቋንቋ አደባልቆ በወፍ የሚናገር ልጅ ካገኛችሁ ቡድናችሁ ውስጥ አስገቡት፤ እሱን የሚፈታ ሰው ሰፈር ውስጥ የለም።

የት አይነገርም

ሰው ፊት ማንሾካሾክ ነውር ነው፤ የወፍ ቋንቋም ጮክ ያለ ማንሾካሾክ ነው። የማያውቅ ሰው ባለበት አንድ ሁለት ቃል ወርወር ማድረግ ጨዋታ ነው። አሥር ደቂቃ ከቆያችሁበት «እኔን ነው የሚያሙኝ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሽምግልና ላይ እና የቤት ሠራተኛ ፊት ጨርሶ አትናገሩት። በተለይ የመጨረሻው ላይ ቸል እንላለን። ቤታችሁ የምትውል ልጅ ሳይገባት ቀኑን ሙሉ ስትስቁ ምን እንደሚሰማት አስቡት። ወይ አስተምሯት፣ ወይ ተዉት። ካስተማራችኋት እንጀራው ማለቁን ቀድማ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ልጆቹንም ትምህርት ቤት ይዘውት እንዳይሄዱ ንገሯቸው። አይሰሟችሁም፤ ግን ንገሯቸው።

መፈተኛ

እስከዚህ የደረሰ ሰው እነዚህን ያለ ወረቀት መፍታት አለበት። ለጎናችሁ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በወሬ ፍጥነት አንብቡለት። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራሱ ዘ ያለበት ቃል አለ፣ እያወቅሁ ነው።

ነዘገዘ ቡዙናዛ እዝኛዛ ቤዜት ነዘው።
ዳዛቦዞ አዛለዘ።
ስዝኳዛር ግዝን ይዝዛዛችዝሁዙ ኑዙ።